ሕግና ጸጋ ላይ ግራ ተጋብቻለሁ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖቼ። ረቡዕ ማታ ቤታችን ለሚሰበሰቡ ወጣቶች የሮሜን መልእክት አስጠናለሁ። ምዕራፍ 6፥14 «ከጸጋ በታች እንጂ ከሕግ በታች አይደላችሁም» የሚለው ላይ ስንደርስ አንዱ ልጅ «ታዲያ ዐሥርቱ ትእዛዛት ለምን ያስፈልጉናል?» አለኝ። ቁጥር 15ን አነበብኩለት፤ ጳውሎስ «ከጸጋ በታች ስለ ሆንን ኃጢአትን እንሥራን?» ብሎ ራሱ ጠይቆ «አይደለም» ይላል። ልጁ አልረካም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም።

ማቴዎስ 5፥17 ላይ ጌታ ሕግን ልሽር አልመጣሁም ይላል። ገላትያ 3 ደግሞ ሕግን ሞግዚት ይለዋል፤ እምነት ከመጣ ወዲህ ከሞግዚት በታች አይደለንም። የእንስሳው መሥዋዕት ለምን እንደቀረ ይገባኛል። የጨነቀኝ ሰንበት ነው፦ «አትግደል» እንዳለ ሲጸና፣ ከዚያው ከዐሥሩ አንዱ የሆነው ሰንበት ላይ ክርስቲያኖች ለምን ተለያየን?

ደግሞ የራሴም አለ። በበደልኩ ቀን ጾም ጨምሬ ዕዳዬን የምከፍል ይመስለኛል። ይህ ንስሐ ነው ወይስ ጸጋን መግፋት? የምታውቁ አባቶች፣ መምህራን፣ እስከ ረቡዕ ከየትኛው ጥቅስ ልጀምር?