ጥቆማ፦ ለጎመንዘር ክሽክሽና ትል መድኃኒት ደብረ ብርሃን ከየት ይገዛል?

የአንጎለላው፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ጎመንዘሩ ሊያብብ ነው፤ ጫፉ ላይ አመድ የነሰነሱበት የመሰለ ክሽክሽ ሰፍሯል፣ ቅጠሉም ተበሳስቷል። ከሱቅ ልግዛ ወይስ ማኅበሩ እስኪያመጣ ልጠብቅ? ከተባይ መድኃኒቶቹ ዳይመቶኤት ይሻላል ላምዳ? መርጫ የሚያከራይም ጠቁሙኝ።

ጫጫ፦ ከገበያው በላይ ሰማያዊ በር ያለው ሱቅ። ሌላ ቦታ አትልፋ።

እነዋሪ፦ የትም ግዛ፣ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ ግን እንዳትነካ! ለኔ ዳይመቶኤት ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ውኃ ላይ ሲጨመር እንኳ ነጭ አልሆነም። ትክክለኛው 40% ፈሳሽ ውኃ ሲነካ ወተት ይመስላል። እሽጉ ያልተነካ፣ የማብቂያ ቀኑ የሚነበብ መሆኑን እይ።

ባሶ፦ እኛም ጋ ተቀድቶ ነው የሚሸጠው። ደረሰኝ ስትጠይቅ ይቆጡሃል።

ጫጫ፦ ሰማያዊ በሩ እንዲህ አያደርግም፤ ባለቤቱን አውቀዋለሁ።

እነዋሪ፦ ባለቤቱን ማወቅ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ማወቅ ነው እንዴ?

ሞረት፦ ለስንዴ ዋግስ የትኛው ሱቅ ይሻላል?

የሰብል ጥበቃ፦ ወንድሜ የአንጎለላው፣ ከመግዛትህ በፊት ቁጠር። ከማሳው ዳር ሳይሆን ውስጥ ለውስጥ እየተጠማዘዝክ አምስት ቦታ ላይ ሃያ ሃያ ተክል እይ። ከመቶው ሃያ ያህሉ ጫፋቸው ላይ ክሽክሽ ካለ መርጨት ያዋጣል። ያበጠና ቡናማ የሆነ ክሽክሽ በብዛት ካየህ ግን ክሽክሹን የሚገድሉ ትንንሽ ተርቦች ሥራ ጀምረዋል ማለት ነውና ጥቂት ቀን ታግሰህ እንደገና ቁጠር። ለትሉ ነጭ ጨርቅ ዘርግተህ ተክሉን አራግፍ። ሲነኩት ወደ ኋላ እየተወራጨ በክር የሚንጠለጠል አረንጓዴ ትል ከሆነ ላምዳን ብዙ አትመን፤ ይህ ትል መድኃኒት በመልመድ የታወቀ ነው። ላምዳ የክሽክሽ ጠላቶችንም ስለሚፈጅ ክሽክሹ መልሶ ይፈላል። ዳይመቶኤት ወደ ተክሉ ፈሳሽ ስለሚገባ አበባው መሃል የተሸሸገውን ክሽክሽ ያገኛል፤ ለትሉ ግን አይበቃም።

ባሶ፦ መጠኑስ? ሁሉም በቆርኪ ነው የሚለካው።

የሰብል ጥበቃ፦ በቆርኪ አይሆንም። 10 በ10 ሜትር ቦታ ላይ በባዶ ውኃ እንደ ወትሮው እርምጃህ ርጭ። 2 ሊትር ከጨረሰ ለሄክታር 200 ሊትር፣ ማለትም በባለ 20 ሊትሩ መርጫ አሥር ሙሌት ነው። የመድኃኒቱ እሽግ ላይ ያለው ጽሑፍ በሄክታር 1 ሊትር ካለ በአንድ ሙሌት 100 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ጎመንዘር ቅጠሉ ሰም አለው፣ ክሽክሹም ዱቄት ለብሷል፤ ጽሑፉ ካልከለከለ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምርበት፣ አለዚያ ጠብታው ተንከባሎ ይወርዳል። ካበበ ባትረጭ ይመረጣል፤ የግድ ከሆነም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ፣ ንብ ስትገባ። የቀፎ ባለቤቶች ቀድመው ይወቁ። ከርጭት በኋላ እንዲጠበቅ እሽጉ ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳያልፍ ከዚያ ማሳ ጎመን ለወጥ እንዳይቀነጠስ።

ሸዋሮቢት፦ የኒም ፍሬ ፈጭታችሁ አሳድሩና እርጩ፤ እኛ ጋ ዛፉ ሞልቷል።

እነዋሪ፦ ደጋ ላይ ኒም ከየት ይምጣ?

የአንጎለላው፦ እግዜር ይስጥልኝ። መርጫ የሚያከራይ አንድ ሰው አግኝቻለሁ፤ ስንዴ ሲረጭበት የነበረ ነው።

የሰብል ጥበቃ፦ ቱፎርዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት ተረጭቶበት ከሆነ ተጠንቀቅ! ቅሪቱ ጎመንዘርን ያጣምመዋል። ሦስት ጊዜ እጠበው፣ በኦሞ ውኃ ሞልተህ አሳድረው፣ ጠዋት በቱቦውና በአፍንጫው ረጭተህ አስወጣው፤ ጎማዎቹንም ለብቻ እጠብ። ውኃውን ወንዝ አጠገብ አትድፋ።

ጫጫ፦ ሰማያዊ በሩ አዲስ መርጫ ይሸጣል።

ሞረት፦ የዋጉን የሚመልስልኝ የለም?