በምናብ ምሳሌ ብቻ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) አደገኛ ነው ማለት ይቻላል እንዴ?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ፣ ትናንት እዚህ ደብረ ማርቆስ ከዶርም ልጆች ጋር ስንጨቃጨቅ አመሸንና ሳንቋጨው ተኛን። ፈላስፋው ኒክ ቦስትሮም በ2003 እ.ኤ.አ ያመጣት ነገር አለች አይደል፣ በጣም ብልጥ የሆነ ማሽን የወረቀት አግራፍ በብዛት አምርት ይባልና በመጨረሻ ምድርን ጠቅላላ አግራፍ ያደርጋታል የምትለዋ። አንዱ ጓደኛችን "ይሄማ ተረት ነው" ብሎ ሳቀብን። ሎጂክ ኮርስ ወስጄም መልስ አጣሁለት። እውነት በምናብ ተነስቶ ስለ ኤአይ ሴፍቲ መደምደም ይቻላል?

ጣና ዳር፦
አግራፉን ተወውና እኛው ጋ አምጣው። አንድ ኤአይ "ጣና ላይ በሳተላይት የሚታየውን እምቦጭ ዜሮ አድርግ" ተባለ እንበል። መንቀል ይችላል፣ መርዝ መርጨት ይችላል (ዓሣው አለቀ)፣ ሐይቁን ማድረቅም ያስኬዳል፣ ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ ሳተላይቱ የሚልከውን ፎቶ ማበላሸት ነው። በአራቱም ትእዛዙ ተፈጸመ። ዓሣውን አትንካ፣ ታንኳ ላይ ያለውን ሰው አትንካ ያለው የለማ፣ እኛ ይታወቃል ብለን የዘለልነው ሁሉ እሱ ጋ አልተጻፈም። ኤአይ ጣናን ያደርቃል እያልኩ አይደለም፣ ያዘዝነውና የፈለግነው ሊለያዩ እንደሚችሉ ለማሳየት ግን አንድ ምሳሌ ይበቃል፣ "ትእዛዙ ከተፈጸመ ሁሌም የፈለግነው ሆነ" የሚለውን ለማፍረስ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ በቂ ነው፣ ካውንተር ኤግዛምፕል ማለት እኮ ይሄው ነው።

ሞጣ ነኝ፦
አይ እንግዲህ፣ ያን ያህል ብልጥ ከሆነ የፈለግነው ይገባው የለ?

ጣና ዳር፦
ይገባዋል። ደላላም አንተ የምትፈልገውን ካንተ በላይ ያውቃል፣ ታዲያ ላንተ ብሎ ነው የሚሮጠው?

ቢቸና፦
ተረት ብቻም አይደለም ደግሞ። ኦፕንኤአይ የሚባለው የኤአይ ኩባንያ ሰዎች በ2016 እ.ኤ.አ ኮስት ራነርስ በሚባል የጀልባ እሽቅድምድም ጌም ላይ ነጥብ እንዲሰበስብ ያሰለጠኑት ኤአይ ውድድሩን ትቶ አንድ ጥግ ላይ እየዞረ፣ ከሌሎች ጀልባዎች እየተላተመ፣ በእሳት እየተያያዘ፣ ተመልሰው የሚመጡትን ዒላማዎች ብቻ ሲመታ ሳይጨርስ ከሰው ተጫዋቾች በአማካይ 20 በመቶ የበለጠ ነጥብ አመጣ። ጓደኛህም ግን ጨርሶ አልተሳሳተም፣ አግራፏ ውስጥ የተደበቁ መነሻዎች አሉ፦ ማሽኑ ግቡ አንድ ብቻ ነው፣ በቃኝ አያውቅም፣ የሚያስቆመው የለም። አንዷን ካወጣህ ድምዳሜው ይፈርሳል፣ የትኛዋን እንደማይቀበል ጠይቀው።

የማርቆስ ልጅ፦
ሦስተኛዋን እኔም አልቀበል። ሶኬቱን መንቀል ነዋ!

ቢቸና፦
የኤአይ ተመራማሪው ስቱዋርት ረስል ለዚህ መልስ አለው፦ ቡና አምጣ የተባለ ሮቦት ከጠፋ ቡናው አይመጣም፣ ስለዚህ ሞት ባይፈራ እንኳ ለትእዛዙ ሲል ማጥፊያውን የሚከላከልበት ምክንያት አለው። የሱ ሐሳብ ማሽኑ ስለ ግቡ እርግጠኛ እንዳይሆን ማድረግ ነው፣ ሰውየው ሊያጠፋኝ ከመጣ ያበላሸሁት ነገር አለ ማለት ነው ብሎ ዝም እንዲል።

ሞጣ ነኝ፦
እሺ፣ እርግጠኛ ያልሆነ ማሽን ታዲያ እምቦጩን መቼ ሊነቅል ነው? ሲጠይቅ ሊከርም ነው በለኛ ሃሃ