የአባሰንጋን መርዝ በፔፕታይድ መያዝ ይቻላል?

የፋርማሲዋ ልጅ፦
4ኛ ዓመት ፋርማሲ ተማሪ ነኝ። አምና አጎቴ የሞተች ላም ቆዳ ገፈፈ። በሦስተኛው ቀን ክንዱ ላይ ትንኝ የነከሰችው የመሰለ ነገር ወጣበት። ብዙም ሳይቆይ ውሃ ቋጠረ፣ መሀሉም ከሰል መሰለ። የሚገርመው አያመውም። አባሰንጋ ነበር። ሲፕሮፍሎክሳሲን ተጀመረለት፤ እብጠቱ ግን እስከ ትከሻው ወጣ። "መድኃኒቱ እምቢ አለ?" ብዬ ሲስተሯን ጠየቅኳት። "ባክቴሪያውን ይገድላል፣ የረጨውን መርዝ ግን አይነካም" አለችኝ። ይቺ መልስ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። መርዙን ራሱን የሚይዝ ፔፕታይድ፣ ማለትም አጭር የፕሮቲን ቁራጭ፣ መሥራት አይቻልም?

ከላብራቶሪ፦
እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ይቻላል፤ በአይጥ ላይም ታይቷል። መርዙ ሦስት ፕሮቲን ነው። አንዱ በር ከፋች ነው፦ ሰባት ሆኖ ሴሉ ላይ ክብ ይሠራል። ሌሎቹ ሁለቱ በዚያ በኩል ይገባሉ። የአጎትሽን ክንድ ያሳበጠው ከሁለቱ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የሃርቫርዶቹ ኮሊየርና ኋይትሳይድስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ክብ የሚይዝ ፔፕታይድ በፋጅ ዲስፕሌይ (ባክቴሪያን በሚያጠቁ ቫይረሶች ላይ ብዙ ዓይነት ፔፕታይድ አውጥቶ የሚይዘውን በመምረጥ) ለቅመው አወጡ። ለብቻው ደካማ ነበር። ብዙ ቅጂውን አንድ ረጅም ፖሊመር (እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ሞለኪውል) ላይ ሲያንጠለጥሉት ግን ክቡን በብዙ ቦታ ጨብጦ ያዘው፤ አይጦቹም ከመርዙ ተረፉ። እኔ ይህን ሥራ ሳነብ ነው ፔፕታይድ ላይ የቀረሁት።

ክሊኒካል ፋርማሲስት፦
ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ፔፕታይድ ደም ውስጥ አይቆይም። ኢንዛይም ይቆራርጠዋል፣ ኩላሊት ያጣራዋል። አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) ግን ለሳምንታት ይቆያል፣ ስለዚህ ቀደመው። ራክሲባኩማብ የሚባለው አንቲቦዲ ያንኑ በር ከፋች ይይዛል፤ የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሳንባ አባሰንጋ ፈቅዶታል። የታሰበው ግን ለባዮሽብር ነው፤ ቆዳ ለሚገፍ ገበሬ ማን አሰበ? ይሄ ያናድደኛል። ርካሽና ማቀዝቀዣ የማይፈልግ ነገር ከተገኘ ከፔፕታይድ በኩል ይመስለኛል። በመስታወት ግልባጭ አሚኖ አሲድ (የፔፕታይድ መሥሪያው ቁራጭ፣ ቅርጹ እንደ ግራና ቀኝ እጅ የተገለበጠ) የተሠሩትን እይ፤ ኢንዛይም በቀላሉ አይቆርጣቸውም።

የፋርማሲዋ ልጅ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የምርምር ፕሮፖዛሌን ዛሬ ማታ በዚህ እጀምራለሁ። አጎቴ ደህና ነው። ቅርፊቱ በሦስተኛው ሳምንት ወደቀ፤ የሳንቲም ስፋት ያላት ጠባሳ ቀርታለች። አሁን ከብት በድንገት ሲሞት ቢላ አያነሳም። መጀመሪያ የሚደውለው ለእንስሳት ሐኪሙ ነው።