የፕሮቪንስታውን የሐምሌ ዐውደ ርዕዮች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሐምሌ ከቦስተን በጀልባ ወደ ፕሮቪንስታውን፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ወዳለችው የባሕር ዳር ከተማ፣ ተሻግሬ የሥዕል ዐውደ ርዕዮችን ለማየት አስቤአለሁና፣ የትኛው ቀን እንደሚሻል የምታውቁ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ዓርብን ይምረጡ። ብዙዎቹ ጋለሪዎች አዲስ ዐውደ ርዕይ የሚከፍቱት ዓርብ ማታ ስለሆነ፣ በኮሜርሻል ጎዳና ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ሠዓሊዎቹን ማነጋገር ይችላሉ። ስለሚመሽብዎ ማደሪያ አስቀድመው ይያዙ።

መልስ፦ በእኔ እምነት መጀመሪያ መታየት ያለበት እ.ኤ.አ. በ1914 የተመሠረተው የከተማዋ የሥነ ጥበብ ማኅበርና ሙዚየም ነው። በ1899 በከተማዋ የሥዕል ትምህርት ቤት የከፈተው አሜሪካዊው ሠዓሊ ቻርልስ ሆውቶርን ተማሪዎቹን ባሕር ዳር ፀሐይ ላይ አውጥቶ፣ በዝርዝር ነገር እንዳይጠመዱ በብሩሽ ፈንታ በስፓቱላ (በዝርግ የብረት መለሰኛ) ሥዕል ያሠራቸው ነበር፤ ከእነዚያ ሥዕሎች አንዱን ካገኙ ቀርበው ይመልከቱት፣ የተሣለው ሰው ፊት ዐይንና አፍ ሳይኖረው የጥላና የብርሃን ቀለም ብቻ ነው፤ እጅግ ያምራል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዓርብ በጠዋቱ ጀልባ እሄዳለሁ።