ማጣሪያው ብርቱካናማ ሆኖ ተደፈነ፣ ጠርሙሶቹም ሮዝ ሆኑ! ነገ ጠዋት እንወርዳለን፣ እርዱኝ

ጥልቅ_ውሃ፦
እባካችሁ ፈጠን በሉልኝ። ማዕድን ማውጫ ውስጥ ነው የምንሠራው፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ታች። ከዓለቱ ቀዳዳ የሚወጣውን ውሃ እያጣራን ማይክሮቦቹን ለመሰብሰብ ነው። ውሃው ሲወጣ ኩልል ያለ ነው። ማጣሪያው ግን ጥቂት ሊትር እንኳ ሳያልፍበት ብርቱካናማ ጭቃ ለብሶ ድፍን አለ። ሌላ ቀየርን፣ እሱም ያው። ለማራባት ያዘጋጀናቸው ኦክስጅን የሌለባቸው ጠርሙሶችም ውሃውን ስንጨምርባቸው ሮዝ ሆኑ። ነገ የመጨረሻችን ነው፤ ከዚያ ቀዳዳው በሲሚንቶ ይዘጋል። ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ ይሻላል? ወይስ ፓምፑ ነው የደከመው?

ሰባራ_ፒፔት፦
ናይትሮጅን ንፉበት፣ ኦክስጅኑን ያስወጣዋል። አለቀ።

የድንጋይ_ልጅ፦
አይዞሽ እህቴ፣ ፓምፑ ምንም አልሆነም። እዚያ ጥልቀት ላይ ያለ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ኦክስጅን የለውም። ብረቱ ሟሙቶ ስለሚኖር ለዓይን አይታይም። አየር ሲያገኘው ግን ይዝጋል። ማጣሪያሽ ላይ ያለው ጭቃ ዝገት ነው። ጠርሙሶቹም የሚነግሩሽ ይህንኑ ነው። ውስጣቸው ያለው ሬሳዙሪን የሚባል ጠቋሚ ቀለም ኦክስጅን ሲገባ ሮዝ ይሆናል፤ ሲጠፋ ቀለሙ ይለቃል። ስለዚህ ሁለት ችግር የለብሽም። አንድ ነው፤ የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው።

ነገሩን አቅልላችሁ እንዳታዩት ይህን ልጨምር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ምፖኔንግ በሚባለው የወርቅ ማዕድን፣ 2.8 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ከዓለት ስንጥቅ የወጣ ውሃ ተጣርቶ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲታተም፣ ከተገኘው ዲኤንኤ ከ99.9 በመቶ በላይ የአንድ ዝርያ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። ፀሐይ አያውቅም፣ ኦክስጅን አያውቅም። በዓለቱ ያለው ዩራኒየም የሚረጨው ጨረር ውሃውን ሲሰነጥቀው ሃይድሮጅን ይፈጠራል፤ እሱን እየበላ፣ በኦክስጅን ፋንታ ሰልፌት የሚባለውን የድኝ ውህድ ይተነፍሳል። እንዲህ ያለ ፍጥረት አየር ውስጥ ስታወጪው ምን እንደሚሰማው አስቢው። በ2013 ደግሞ ካናዳ ውስጥ ኪድ ክሪክ ማዕድን፣ 2.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የተገኘው ውሃ ከቢሊዮን ዓመት በላይ ከምድር ገጽ ተለይቶ እንደኖረ ታወቀ። እና ነገ የምትቀጂው ውሃ...

ማታ_ፈረቃ፦
የድንጋይ ልጅ፣ ትምህርቱን ነገ ማታ ትቀጥላለህ፣ ሰዎቹ ጠዋት ይወርዳሉ። በነገራችን ላይ ይሄ ሁሉ ብረት ከወጣ የሚስማር ፋብሪካ ይከፈትበታል 😄 ናይትሮጅን ንፉበት።

ጥልቅ_ውሃ፦
ተባረኩ። ናይትሮጅኑን የምንነፋው ጀሪካኑ ውስጥ ነው?

ቀስ_በቀስ፦
የምን ጀሪካን?

ጥልቅ_ውሃ፦
ውሃውን መጀመሪያ ጀሪካን ውስጥ እንቀዳዋለን። ከዚያ ፓምፑ በሲሊኮን ቱቦ እየሳበ ወደ ማጣሪያው ይገፋዋል። ሁሉም እንደዚያ የሚያደርግ መስሎኝ አልጻፍኩትም።

ተጠራጣሪ፦
ይቅርታ አድርጊልኝና ጥያቄሽ ከመነሻው አልተዋጠልኝም። የምትሰበስቢው የዓለቱ ማይክሮብ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለሽ? ቀዳዳው ሲቆፈር ውሃ ገብቶበታል አይደል? ያ ውሃ ከላይ የመጣ ነው፤ የራሱ ሕይወት አለው። የዓለት ውሃ አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድ ሺህ ሕዋስ ብቻ ሊኖር ይችላል። በዚህ ስሌት ከአንድ ሊትር የምታገኚው ዲኤንኤ ጥቂት ናኖግራም ነው። ከጓንትሽ፣ ከቱቦው፣ ከዲኤንኤ ማውጫ ኪቱ ራሱ የሚገባው ሊበልጠው ይችላል። ማጣሪያው ተደፈነ ብለሽ ከምትጨነቂ መጀመሪያ ስለ ንጽሕናው ተጨነቂ።

ጥልቅ_ውሃ፦
ቀዳዳው ከተቆፈረ ቆይቷል፣ ውሃውም ሲፈስ ነው የከረመው። ግን እውነትህን ነው፣ የቁፋሮውን ውሃ ናሙና አልያዝንም።

ተጠራጣሪ፦
እንግዲያው ነገ ያዢ። ማሽኖቹ የሚጠቀሙበትን ውሃ ለብቻ አጣሪ። ምንም ያላለፈበት ንጹሕ ማጣሪያም ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይውረድ፣ አብሮ ይውጣ፣ ዲኤንኤውም አብሮ ይውጣለት። ከሁለቱ በአንዱ ላይ የታየ የማይክሮብ ስም ውጤትሽ ላይ ከመጣ በጥርጣሬ ታዪዋለሽ። ወደፊት ስትቆፍሩ ደግሞ ባክቴሪያ የሚያካክሉ የሚያበሩ ጥቃቅን ፕላስቲክ ኳሶችን በቁፋሮው ውሃ ውስጥ ጨምሩ። ኳሶቹ ናሙናው ውስጥ ከተገኙ የቁፋሮው ውሃ ገብቷል ማለት ነው። አሁን ግን የሙቀቱንና የጨዋማነቱን መለኪያ ቀዳዳው አፍ ላይ አድርጊና ቁጥሩ ሳይዋዥቅ እስኪረጋ ጠብቂ። ከዚያ በፊት አታጣሪ።

አሲድ_በፍቅር፦
ትንሽ አሲድ ጠብ አድርጊበት። ብረቱ ሟሙቶ ይቀራል፣ ማጣሪያው አይደፈንም።

ቀስ_በቀስ፦
አይሆንም! አሲድ የሚጨመረው ብረቱንና ሌላውን ማዕድን ለመለካት ለብቻው ለሚያዘው ጠርሙስ ነው። እሱም ከተጣራ በኋላ። ለማይክሮብ በምታጣሪው ውሃ ላይ ከጨመርሽ ሕዋሶቹን ትጎጃለሽ። ለማራባት የምትይዢውንማ ጨርሶ።

እህቴ፣ እኔም እንዲህ ካለው ብረታም ውሃ ጋር ነው የምውለው፣ ስለዚህ ስሚኝ። ጀሪካኑን እርሺው። ቀዳዳው አፍ ላይ ቫልቭ ካለ ማጣሪያውን በቀጥታ እሱ ላይ ግጠሚው። ውሃው በራሱ ግፊት ይገፋል፤ ፓምፕም ላያስፈልግሽ ይችላል። ግፊቱ ከበዛ ማጣሪያው ስለሚቀደድ ቫልቩን በትንሹ ነው የምትከፍቺው። ቫልቭ ከሌለ በአየር ወይም በውሃ የሚነፋ የጎማ መዝጊያ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ መሐሉ ላይ ባለው ቧንቧ ውሃው ይወጣል።

ሁለተኛው ቱቦው ነው። ሲሊኮን ውሃ አያፈስም እንጂ ኦክስጅንን እንደ ወንፊት ያሳልፋል። ቱቦው በረዘመ ቁጥር ብዙ አየር ይገባል። ናይትሮጅን ብትነፊም ቱቦው ያው ከሆነ ዋጋ የለውም። የማይዝግ ብረት ቧንቧ ወይም ቴፍሎን ተጠቀሚ፣ የግድ መታጠፍ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ አጭር ወፍራም ጎማ አድርጊ። ስትጀምሪ ማጣሪያውን ወደ ላይ አዙረሽ ያዢው፤ ውስጡ ያለው የአየር አረፋ ወጥቶ ይለቅ።

ሰፊ ማጣሪያ ያልሽውን ተዪው። የ0.2 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ያለውን ማጣሪያ እንኳ የሚያልፉ ደቃቅ ባክቴሪያዎች አሉ። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ራይፍል ከሚባል ቦታ በተቀዳ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ፣ የ0.2ውን ማጣሪያ አልፈው በ0.1ው ላይ የተያዙት እ.ኤ.አ. በ2015 በማይክሮስኮፕ ታይተዋል። ከቻልሽ ከ0.2ው ኋላ 0.1 ቀጥዪበት። ብዙ ማጣሪያ ይዘሽ ውረጂ። ፍሰቱ ሲቀዘቅዝ ቀይሪ፣ በእያንዳንዱ ስንት ሊትር እንዳለፈ ላዩ ላይ ጻፊ።

ሰባራ_ፒፔት፦
ናይትሮጅንም አይጠላም እኮ።

ማዕድን_ቤት፦
ናይትሮጅን ናይትሮጅን የምትሉ ወንድሞች፣ ቆይ። ማዕድን ውስጥ ለደኅንነት የምሠራ ሰው ነኝ። ነፋስ በማይደርስበት የዋሻ ጫፍ ላይ ሲሊንደሩ ቢያፈስ ኦክስጅኑን ገፍቶ ያስወጣዋል። ሽታ የለውም፣ ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል። ደረቅ በረዶም እንደዚያው ነው። ተዘግቶ በሚሄድ አሳንሰር ውስጥ ከሰው ጋር አይጫንም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚተፋው። የደኅንነት ኃላፊው ሳይፈቅድ ምንም ጋዝ አታውርዱ። ታች ተራ በረዶ ያለበት ሳጥን ይዛችሁ፣ ደረቁ በረዶ ግን ከምድር በላይ ይቆይ።

ጥልቅ_ውሃ፦
ደረቅ በረዶውን ይዘን ልንወርድ ነበር! እሺ፣ ላይ ይቆያል። የተደፈኑት ማጣሪያዎችና ሮዝ የሆኑት ጠርሙሶች ይጣሉ?

ቀስ_በቀስ፦
ኧረ በፍጹም! ማጣሪያዎቹ ላይ ሕዋሶቹ ዝገቱ ውስጥ ተጠምደው አሉ። አሁኑኑ አቀዝቅዢያቸው። ዲኤንኤ ዝገት ላይ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ስታወጪው ፎስፌት ያለበት ፈሳሽ ጨምሪበት። ፎስፌቱ ቦታውን ይሻማና ዲኤንኤው ይለቃል።

ጠርሙሶቹን ደግሞ እንዳሉ አስቀምጪ። በክዳኑ በኩል በመርፌ ኦክስጅኑን የሚያጠፋ ትንሽ ሲስቴይን ወይም ሶዲየም ሰልፋይድ ስጪያቸውና ቀለሙ እስኪጠፋ ጠብቂ። በሰልፋይዱ ውሃው ቢጠቁር አትደንግጪ፣ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ነው። ነገ ለምትሞዪያቸው ግን ቀለሙ አስቀድሞ የጠፋ መሆን አለበት። ሲሪንጁን በዚያው ውሃ ደጋግመሽ ሙዪና አፍስሺ፣ አረፋ ሳይቀርበት ውጊው። የሲሪንጁ አንገት ላይ የምትቀረው ትንሽ አየር ትበቃለች ጠርሙሱን ሮዝ ለማድረግ። ሞልተሽ ስትጨርሺም ቀዳዳው አፍ ላይ ያለውን የውሃ ሙቀት ጻፊ፤ ጠርሙሶቹ መቀመጥ ያለባቸው በዚያ ሙቀት ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ አይደለም።

ተጠራጣሪ፦
ለቆጠራ የሚሆን ትንሽ ውሃም በፎርማሊን ያዢ። ስንት ሕዋስ እንዳለ ካላወቅሽ ዲኤንኤው ትንሽ ነው ብዙ ነው ማለት አትችዪም።

ጥልቅ_ውሃ፦
ቫልቭ አለው! የብረት ቧንቧ እየፈለግን ነው። እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።

ማታ_ፈረቃ፦
ጥልቅ_ውሃ፣ እንዴት ሆነ? ማጣሪያው ነጭ ሆኖ ወጣ?

የድንጋይ_ልጅ፦
የጨዋማነቱን ቁጥር ብትለጥፊልን ደስ ይለኛል። ስለ ውሃው ዕድሜ ፍንጭ ይሰጣል።

አዲስ_ገቢ፦
ሰላም። የእኔም ተመሳሳይ ነው፣ ግን ማጣሪያዬ የሚሆነው ጥቁር ነው። ውሃው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መጀመሪያ በጣም ይሸት ነበር፣ አሁን እየለመድኩት ነው መሰለኝ ብዙም አይሰማኝም። ቱቦ ልቀይር?

ማዕድን_ቤት፦
ቱቦውን ተወውና አሁን ከዚያ ውጣ! የሚሸትህ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ ይገድላል። ሽታው የጠፋው ጋዙ ስላለቀ ላይሆን ይችላል፤ አፍንጫህ ደንዝዞ ነው። የጋዝ መለኪያ የያዘ ሰው ሳይፈቅድልህ አትመለስ። ስትወጣ ጻፍልን።