የካታማራን ሸራ አለካክ እንዴት እናቅልለው?

ጥያቄ፦ የጣና ልጅ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ኔዘርላንድስ ነው። ክለባችን ውስጥ በኤ ክላስ ካታማራን እንወዳደራለን። አንድ ሰው ብቻ የሚነዳት፣ መንታ ቀፎ ያላት የሸራ ጀልባ ናት። ህጓ አጭር ነው፦ ርዝመቷ ከ5.49 ሜትር፣ ስፋቷ ከ2.30 ሜትር አይበልጥም። ክብደቷ ከ75 ኪሎ አያንስም። ሸራዋ ከነምሰሶው ከ13.94 ካሬ ሜትር አያልፍም። ጣጣው ያለው እዚችው የመጨረሻዋ ላይ ነው።

ዘንድሮ ሸራ መለካቱ ለእኔ ተሰጠኝ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰውዬ ሸራውን በሦስት ማዕዘን ይከፋፍሉና የተረፈውን ጉብታ ለብቻው ይለኩ ነበር። እኔም እንደሳቸው ሞከርኩ። አንዱ ሸራ ብቻውን አንድ ሰዓት ፈጀ። ሁለት ጊዜ ብለካው ሁለት የተለያየ መልስ ሰጠኝ። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ በጣም አፈርኩ። ለክለብ የሚሆን፣ ቀለል ያለ ግን ማንንም የማይበድል አለካክ የምታውቁ እባካችሁ።

መልስ፦ ሸራ ሰፊ

አይዞህ ወንድሜ። ሥራዬ ሸራ መስፋት ነው። ሁለት መልስ የመጣብህ ከሒሳቡ ሳይሆን ከአነጣጠፉ ይመስለኛል።

ሸራው ደረቅ ይሁን። ቀጥ አድርገው የሚይዙት ቀጫጭን ዘንጎች በየኪሳቸው ይግቡ። ልሙጥ ወለል ላይ ዘርጋው፤ ሣር ላይ አይሆንም። የምትለካው መስመር ላይ ያለው ሽብሽብ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ሳብ አድርገው። ከዚያ በላይ አትጎትት። አንዱ ጠንከር፣ ሌላው ላላ አድርጎ ሲይዘው ነው ቁጥሩ የሚለዋወጠው።

ከዚያ አምስት ስፋት ይበቃሃል። የሸራውን ራስ፣ ማለትም የላይኛውን ጫፍ፣ አምጥተህ ከኋለኛው የታች ጥግ ጋር ግጠመው። የኋላው ጠርዝ የታጠፈበት ቦታ ግማሹ ነው፤ በእርሳስ ምልክት አድርግበት። እንደዚሁ እያጠፍክ ሩቡንና ሦስት ሩቡን ታገኛለህ። ከየምልክቱ እስከ ፊተኛው ጠርዝ ያለውን አጭሩን ርቀት ለካ። የታችኛውን ጠርዝና የሸራውን ራስ ስፋት ጨምርበት፣ አለቀ።

መልስ፦ ሒሳብ ወዳድ

ስፋቶቹን ካገኘህ በኋላ ቀመሩ ላይ ተጠንቀቅ። ለምሳሌ የፊት ጠርዙ 8.40 ሜትር ይሁን። ስፋቶቹ ከታች ወደ ላይ 2.00፣ 1.80፣ 1.60፣ 1.30 እና 0.70 ይሁኑ።

ቀላሉ መንገድ ይኸውልህ። ዳርና ዳሩን አንድ አንድ ጊዜ፣ መሃለኞቹን ሁለት ሁለት ጊዜ ደምር። 12.10 ይመጣል። በ8.40 አባዝተህ ለ8 ስታካፍል 12.705 ካሬ ሜትር ነው። ይሄ መንገድ ግን ጠርዙን ከምልክት እስከ ምልክት ቀጥ አድርጎ ስለሚቆርጠው ጉብታውን ይስታል።

ሌላው ጉብታውንም የሚቆጥረው የሲምፕሰን ቀመር ነው። ሩቡንና ሦስት ሩቡን በ4፣ ግማሹን በ2 አባዛ፤ ዳሮቹን እንዳሉ ደምር። 18.30 ይሆናል። በ8.40 አባዝተህ ለ12 አካፍል፤ 12.81። ጨርቁ ያው አንድ ጨርቅ ነው፣ ልዩነቱ ግን ከአንድ አሥረኛ ካሬ ሜትር በላይ ነው። እኔ ብሆን ሲምፕሰንን መርጬ ህጉ ላይ እጽፈው ነበር። የምሰሶውን ካሬ ሜትር መደመር እንዳትረሳ።

መልስ፦ ነፋስ ጠባቂ

በአምስቱ ስፋት እስማማለሁ፤ ግን አንድ ነገር አለ። ህግ ሲቀል ሰው ጨርቁን የሚያስቀምጠው ሜትር በማይደርስበት ቦታ ነው። የዛሬ ሸራዎች ከላይ ጫፋቸው ሰፊ ነው። ስለዚህ በሦስት ሩቡና በሸራው ራስ መካከል አንድ ተጨማሪ ስፋት ለኩና ከፍተኛ ገደብ አድርጉለት። ካለበለዚያ እዚያ መሃል ያለው ጉብታ በነጻ ያልፋል።

ከታችም እንዲሁ ነው። አዳዲሶቹ ሸራዎች እስከ መቀመጫው መረብ ድረስ ይወርዳሉ። ከጥግ እስከ ጥግ ክር ወጥር። ከክሩ በታች ያለውን ጥልቀት ሩቡ፣ ግማሹና ሦስት ሩቡ ላይ ለካና በዚያው በሲምፕሰን አስላ። ዳሮቹ ዜሮ ናቸው።

አንዳንዱ «እንደ ሌላዋ ካታማራን እንደ ሆቢ 16 ሁሉም ከአንድ ፋብሪካ ሸራ ይግዛና እንገላገል» ይል ይሆናል። ለሆቢ ያምራል። የኤ ክላስ ውበቷ ግን ሸራውን እንደልብ መንደፍ መቻሉ ነው፤ እሱን አትንኩባት።

መልስ፦ ሸራ ሰፊ

ቁጥር 87 የጀልባ ውድድር ህግንም ተመልከት። የክላስ፣ ማለትም የአንድ ጀልባ ዓይነት፣ ህግ በውድድር ማስታወቂያ የሚለወጠው ክላሱ ራሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ስለዚህ ይሄ አለካክ ለክለባችሁ የውስጥ ማጣሪያ ይሁን። ትልቅ ውድድር የሚሄድ ሰው በክላሱ ህግ ተለክቶ፣ ፊርማ ያረፈበት ሸራ ይዞ ይሂድ።

የጣና ልጅ

ተባረኩ። ዛሬ የጀልባ ማደሪያውን ወለል ጠርገን አራት ሸራ ለካን። አንድ ሰው የሸራውን ራስ ያዘ፣ አንዱ ጥጉን፣ እኔ ሜትሩን። አንዱ ሸራ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ያ ያሳፈረኝ ሸራም በድጋሚ ተለካ፤ ሁለት ጊዜ ሲለካ ከነጥብ በኋላ ባለው ሁለተኛ አሃዝ ላይ ብቻ ተለያየ። ባለቤቱ ራሱ ነው እርሳሱን ይዞ የደመረው። ከክሩ በታች ያለውን ገና አልሞከርነውም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሱ እንጀምራለን።