ለቆልማማ እግር የታዘዘው ጫማ ከተረከዟ እየወጣ ተቸግረናል፤ ምክራችሁን እንሻለን

ልጃችን ሁለቱም እግሮቿ ወደ ውስጥ ተቆልምመው ስለተወለደች በፖንሴቲ ዘዴ ታክማለች፤ በየሳምንቱ የሚቀየረው ጀሶ እግሯን ቀስ በቀስ ካቃናውና የተረከዟ ጅማት በቀላል ቀዶ ሕክምና ከተቆረጠ በኋላ፣ በብረት ዘንግ የተያያዘውን ጫማ ለ3 ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም እስከ 4 ዓመቷ በእንቅልፍ ሰዓት እንድታደርግ ታዘዘ። የሚያስቸግረን የግራው ነው፦ አጥብቀን ብናስረውም ተረከዟ ሽቅብ እየሾለከ ይወጣል፤ ከቁርጭምጭሚቷ በላይም ቀይ ሰንበር አውጥቷል። ጎረቤት «ሲያድጉ ይስተካከላል» ቢለንም፣ ጫማው ከተተወ እግሩ ዳግም ሊቆለመም እንደሚችል ስለተነገረን ማውለቁን ፈርተናል። የአጥንት ሐኪሞችና ልጆቻችሁን በዚህ መንገድ ያሳከማችሁ ወላጆች፣ የተረከዙ መሹለክ የጫማው ልክ አለመሆን ነው ወይስ መቆልመሙ እየተመለሰ ለመሆኑ ምልክት? የቀጠሮዋን ቀን ሳንጠብቅ ይዘናት እንሂድ?